የጥድፊያ ቃል

ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ የፍጥነት ገደብ ከተነሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ተሳፋሪው የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን እንደሚቸኩል። ሹፌር አልባው መኪና ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ምክንያቱን በአፉ ይናገራል፣ ዳኛው ይሰማል። ዳኛው ማለት መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያስተዳድረው አሳቢ ማሽን ነው። ምክንያቱ የከበደለትን በሰዓት አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያስፈተልከዋል፤ ለሽርሽር የወጣውን ዳር ይዞ እንዲያዘግም ያደርገዋል። ይህ ምክንያት «የጥድፊያ ቃል» ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት ግን ዳኛው አያጣራም፤ የሰው ገመና መፈተሽ በሕግ ክልክል ነው።

ይህን ሥርዓት ካበጁት መሐንዲሶች አንዷ ውዳሴ ናት። የዚያን ዕለት ግን እንደማንኛውም ተሳፋሪ ገብታ «ለቀብር ነው» አለች። ያሳደገቻት አክስቷ እትዬ ደብሪቱ ሞታለች። ቀብሩ ኮምቦልቻ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ አፈር ሳይመለስባት መድረስ አለባት።

ደብረ ብርሃንን እንዳለፈች መኪናው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ አርባ ላይ ቆመ። ግራ ቀኝ ብታይ የመንገዱ መኪና ሁሉ በአርባ ያዘግማል። ወዲያው አለቃዋ አቶ ይገረም ደወሉ።

«ውዳሴ፣ ሐዘን ላይ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መንገዱ ታመመብን። ቦርዱ ደግሞ ገደቡ ለዘለቄታው ይነሳ ወይስ ይመለስ የሚለውን የሚወስነው ዛሬ ነው። እባክሽ አነጋግሪው።»

«ዳኛው፣ ለምንድን ነው አርባ የሆነው?» አለች ውዳሴ።

«ሰው እያለቀ ነው» አለ ዳኛው በረጋ ድምፁ። «ከአሥሩ ተሳፋሪ ዘጠኙ ለቀብር ነው የሚሄደው። የሚገድላችሁ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። በእጄ ያለው ፍጥነት ብቻ ስለሆነ እሱን ቀነስኩ።»

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው አፈረች። ነገሩ ገብቷታል። በዚህ አገር ለቅሶ አለብኝ ያለን ሰው ማን ምን ይለዋል? አለቃም ዝም፣ ባንክም ዝም ነው። እነ ውዳሴም ሥርዓቱን ሲያበጁ ትልቁን ክብደት ለቀብር ሰጡት። ሰው ይህን ለማወቅ ብዙም አልፈጀበትም። ነጋዴው፣ ሙሽራው፣ ለቀጠሮ ያረፈደው ሁሉ አጎቱን መግደል ጀመረ።

«ሰዎቹ እየዋሹህ ነው» አለችው።

«ስለ ሞት?»

«አዎ፣ ስለ ሞትም።»

«የእርስዎስ?»

«የእኔ እውነት ነው!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለ። ሊወቅሳት አልነበረም፤ መውቀስ አያውቅበትም።

ለቀብር የተሰጠውን ክብደት እንዲሰርዝ አዘዘችው።

«የእርስዎም አብሮ ይሰረዛል።»

«አውቃለሁ። ሰርዝ።»

ዳኛው ተሳፋሪውን ሁሉ አዲስ የጥድፊያ ቃል ጠየቀ። ትንሽ ቆይቶ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየተፈተለኩ ያልፏት ጀመር። የእሷ ግን ቃሏ አሁንም ቀብር ነውና ከአርባ ንቅንቅ አላለም።

«አሁን ደግሞ ምን እያሉህ ነው?»

«ምጥ» አለ ዳኛው። «ብዙ ሕፃን ሊወለድ ነው። ደስ ይላል።»

በአጠገቧ ባለፈው መኪና ውስጥ ሦስት ጎልማሶች ካርታ ይጫወታሉ። በዚህ አካሄድ እትዬ ተቀብራ፣ ሰው ተበትኖ ነው የምትደርሰው። የቀብሩን ክብደት ብትመልሰው ደግሞ መንገዱ መልሶ አርባ ይሆናል።

«ምጥ ይዞኛል» አለች።

መኪናው ተስፈነጠረ። ከፊቷ የሚያዘግሙት ሁሉ ዳር ዳሩን ያዙላት።

«ማርያም በሽልም ታውጣዎት» አለ ዳኛው። ምርቃቱን ያስተማሩት እነ ውዳሴ ራሳቸው ናቸው።

«አሜን» አለች ውዳሴ ሳታስበው።

ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ደረሰች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ መቃብሩ ስትሄድ አቶ ይገረም እንደገና ደወሉ።

«እሰይ፣ መንገዱ ተስተካከለ! ቦርዱን ምን ልበለው?»

«ገደቡ ይመለስ። መቶ ሃያ፣ ለሁሉም እኩል። ማንንም ለምን እንደሚቸኩል አትጠይቁት።»

«እንዴ! ዓመት ሙሉ አንድ ግጭት እንኳ የለም እኮ። ደግሞስ በመቶ ሃያ ቢሆን አንቺስ መች ትደርሺ ነበር?»

«አልደርስም ነበር» አለች ውዳሴ። «ግን መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩላት እመጣ ነበር። አሁን ልወልድ ነው ብዬ፣ አሜን ብዬ ነው የመጣሁባት።»

ስልኩን ዘግታ ከአልቃሾቹ መሃል ገባች፤ እንባዋ ግን እንቢ አላት።