የወይዘሮ ዓለምነሽ ጾም

ወይዘሮ ዓለምነሽ ከዊንጌት በላይ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተዘርረው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። ነፍሳቸው ግን አለች።

ልጃቸው ኢዩ ፖሊስ እስኪመጣ አላስቻለውም። ሠራተኛዋን ብርነሽን አንቆ ይዟታል።

«እሷ ናት የገፈተረቻት! ምግቧንም የምትበላባት እሷ ናት!»

«ልቀቃት!» አለችው ኢንስፔክተር ጀዊሪያ። ገና ከበሩ ጠላችው። ጥላቻ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ዶክተር ካሣዬ በንዴት ነው የተቀበላት።

«የገፋቸው የለም። እግራቸው ደንዝዞ መሬቱ አይሰማቸውም። ቫይታሚን ቢ ትዌልቭ ከሰውነታቸው ተሟጧል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ከቀመሱ ዓመታት ሳይሆናቸው አይቀርም። የሚዘባርቁትም ለዚሁ ነው።»

«እርጅና አይደለም?»

«እርጅና እንዲህ አጥንት ብቻ አያስቀርም። ርሃብ ነው! መርፌና ምግብ ካገኙ ይሻላቸዋል።»

የጀዊሪያ ደም ፈላ። ብርነሽን ጣቢያ አስቀርባ አፋጠጠቻት።

«ወተቱን ማን ጠጣው?»

«በእትዬ ሞት፣ እኔ አልነካሁም! የቸርች ሰዎች እንቁላልና ወተት ያመጡላቸዋል። ጋሽ ኢዩ ይቆልፍበታል። ለእሷ ሻይ በዳቦ ብቻ ስጪ ይለኛል።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ቢያባርረኝ የት እገባለሁ?»

የሠራተኛ ቃል ብቻውን ማን ይሰማዋል? ኢዩ ተጠራ። ዘና ብሎ ገባ። የጀዊሪያን ሻሽ አየና ፈገግ አለ።

«እናትህ ወተትና እንቁላል ለምን ተከለከሉ?»

«እ... ማለቴ፣ እማዬ ጾመኛ ናት። እናንተ ሙስሊሞች የኛን ጾም አታውቁትም እንጂ፣ ይኸው አሁንም ጾም ላይ ናት።»

ጀዊሪያ ሳቀች። ሳቋ ደግ አልነበረም።

«እኔ እኮ አዲሱ ገበያ ያደግኩ ነኝ። ጎረቤቶቼ ጴንጤም ኦርቶዶክስም ናቸው። ጴንጤ ለጸሎት ይጾማል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ከወተት ሲርቅ አላየሁም። ደግሞስ ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ! በሃምሳው እንኳን እናንተ፣ ኦርቶዶክሱም ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ቁልፉን አምጣ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልፉ ከኪሱ ወጣ።

«ቤቱን ልሸጥ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱን ነክሶ። «በጤናዋ እሺ አትልም። ጃጅታለች ከተባለ ፍርድ ቤት ሞግዚት ያደርገኛል ብዬ ነው። በቃ!»

መርፌው ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ የወይዘሮ ዓለምነሽ አእምሮ ጠራ። የቸርች ሽማግሌዎች አልጋቸውን ከበቡ።

«ልጅዎ ነው፣ ይቅር ይበሉት።»

«ልጄማ ነው» አሉ። «ለኔ ያመጣችሁትን እንቁላል ከፊቴ ቀቅሎ ይበላው ነበር። ራበኝ ብዬ ስጮህ እሱ ጃጀች አላችሁ፤ እናንተም እጄን ይዛችሁ ጸልያችሁ ሄዳችሁ። አንዳችሁ እንኳ ምን በላሽ አላለኝም። አሁን ውጡልኝ፣ ምሳዬን ልብላ።»