ጡሩምባው ያልተቆረጠበት ቅጂ

ምባሩክ የመጨረሻውን ገጽ አንብቦ መጽሐፉን ዘጋ። ከሥሩ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ ወደ ሪዚኪ ገፋ አደረገ።

ሪዚኪ በመዳፏ ሸፈነቻት።

ከውጭ የሊኮኒ ሰፈር መሻገሪያ ጀልባ ጡሩምባውን ነፋ።

«ይኸው፣ ዛሬም አበላሸብን!» አለች ካሜራውን እያጠፋች።

«ሂጂና ዝም በል በይው፣ እህቴ። እኔ ሚስቴንም ዝም ማሰኘት አልቻልኩ።»

የስድስት ዓመቷ ልጁ ዙሁራ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ያለፈውን ሳምንት ተረት በስልክ ታያለች። «አባዬ፣ እዚህ ውስጥ አንብበህልኝ የለ? ደግሞ ምን ያደክምሃል?»

ሳቁ።

ለሰፈሩ ሰው ሪዚኪ የሞምባሳ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ልጆች ቤታቸው ሆነው በድረ ገጹ የሚያዩትን ተረት ትቀርጻለች። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ሥዕሉና የአንባቢው እጅ ብቻ ነው። ስሙ አይጻፍም። እጁ ግን የወደብ ጸሐፊ እጅ ነው። መሣሪያ በስውር የሚያራግፉትን መርከቦች ስም እየገለበጠ የሚያወጣው እሱ ነው።

ቢሮ ገብታ ከድረ ገጹ ቅጂ ላይ ጡሩምባውን ቆረጠች። ቤቱ የት እንደሆነ ማንም ማወቅ የለበትም። በካርዱ ላይ ያለውን የመርከቦቹን ዝርዝር ግን ባልተቆረጠው ቅጂ ውስጥ ደብቃ ለስለላ አለቃዋ ላከች። የምስጢር ስሙ «ካፒቴን» ነው። ቸኩላ ነበር። ደግሞ እሱን ማን ይጠረጥራል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛዋን ተደገፉ።

«ተረት የሚያነበው ሰውዬ፣ የጀልባው ጡሩምባ የሚሰማበት ቤት ያለው፣ ማን ይባላል?»

ድረ ገጹ ላይ ጡሩምባ የለም።

ጡሩምባውን በቅጂው ላይ የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«እሱማ ማሊንዲ ነው የሚኖረው» አለች ፈገግ ብላ።

«የሊኮኒ ሴቶች እንደዚያ አላሉንም» አለ አንደኛው።

ወጡ። ወዲያው ለምባሩክ ደወለች።

«ውጣ። አሁኑኑ።»

«ዙሁራ ትምህርት ቤት ናት።»

«እኔ አመጣታለሁ!»

«ላንቺ አይሰጧትም፣ እህቴ። ይዣት ልውጣ።»

በስልኩ ውስጥ የእሱ በር ሲንኳኳ ሰማች።

ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ሊኮኒ ብትሮጥ ዝርዝሩ ከእሱም ከእሷም ጋር ይቀበራል። ከካፒቴን በላይ ላለው ሰው ላከችው።

በሦስተኛው ቀን መርከቦቹ ተያዙ። ካፒቴንም ተያዘ። የምባሩክን ሬሳ ባሕሩ ተፋው።

ከላይ መልእክት መጣ። «በምባሩክ በኩል የሚደርሱብሽ ሌሎች አሉ። ቪዲዮዎቹን ሁሉ አጥፊ። አንቺም እዚያ አልነበርሽም።»

አሥራ አንድ ተረት ነበር። አንድ በአንድ አጠፋች። አንዱንም ከፍታ ለመስማት አልደፈረችም።

የቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ጮኸ። የምባሩክ ሚስት ምዋናሲቲ ናት።

«እህቴ፣ ድረ ገጹ ምን ሆነ? ልጄ የአባቷን ድምፅ ካልሰማሁ እህል አልቀምስም ብላለች። ስትከፍተው ‹የለም› ይላታል።»

«ተበላሽቶ ነው።»

«መቼም ሌላ ቅጂ አታጡም።»

«የለንም።»

«አንድ ደቂቃ የምትሆን እንኳ? ‹ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ› የሚልባትን ብቻ?»

ሪዚኪ ከንፈሯን ነከሰች። «የለንም፣ እህቴ።»

ምዋናሲቲ አላለቀሰችም። «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች።

ከቀትር በኋላ የናይሮቢው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ስሟን ጠየቃት። የእሷ ያልሆነ ስም ሰጠችው።

«ሸኚ የለሽም እንዴ?»

«የለኝም» አለችና በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።