ከሟቿ መዳፍ የወጣች ሳንቲም

«ሟቿ ናት!» አለች ጎረቤትየዋ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ። «ባሏን ልትወስድ ስትመላለስ ነው የከረመችው። ሳንቲሙን ስታንቃጭል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ይህን ወሬ ለፖሊሶቹ ነግራለች፤ ለሐኪሙ ነግራለች፤ ሬሳውን ይዘው የሚወርዱትን ሰዎች እንኳ ደረጃው ላይ አስቁማ ነግራቸዋለች። አሁን ተራው የመርማሪዋ ነበር። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን ቀምሰው ነው የሚሉም አሉ። የተወጋ ሰው ግን በስሙ ምክንያት አይከራከርም።

«ሟቿ ስትመጣ በር ታንኳኳለች ወይስ ቁልፍ አላት?» አለች መርፌ።

«ይሳቁ እመቤቴ፣ ይሳቁ! እኔ ግን ከእንግዲህ በዚህ ደረጃ ብቻዬን አልወጣም።»

መርፌ አልሳቀችም። ዓይኗ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ክፍሉም የሚያስቅ አልነበረም። ሟቹ ሰዓት ሠሪ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድም ዕቃዋን ከቦታው አላነሳም። ካፖርቷ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ አንገትጌው ላይ አንድ ረጅም ጸጉር ተጣብቆ ቀርቷል። ወንበሯ አሁን ተነስታ የሄደች ይመስል ከጠረጴዛው ሳብ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ባሏ ወንበር አዙሮ ይጠብቃል። ሞቶ ያልወጣ ሰው ያለበት ቤት ምድጃ ቢነድበትም አይሞቅም።

ሰዓት ሠሪው የተገኘው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው፤ የብረት ካዝናው ጥግ ጭንቅላቱን መትቶት ወለሉ ላይ ተዘርግቶ። ኮሌታው ተቀዷል። «ራሱ አልወደቀም፤ ተገፍቷል» ብሏል ሐኪሙ። ጠረጴዛው ላይ በከፋይ ጨርቅ የተለበጠ መሳቢያ ተከፍቶ፣ በየጉድጓዱ ዕድሜ ያጠቆራቸው የብር ሳንቲሞች ተኝተው ነበር። ከመካከላቸው አንዲቱ ብቻ እንደ መስታወት ታበራለች።

ያቺን ሳንቲም የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። ሚስቱ ስትሞት ከተጨበጠ መዳፏ ያወጣት ናት። ላይዋ ላይ የተቀረጸችውን ባለዘውድ ሴት፣ ሚስቱ በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ኖራ ፊቷን እንዳለሰለሰችው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይተርክ ነበር።

ለፖሊሱ አለቃ ነገሩ አልቆለታል። «የእህቱ ልጅ ናት» አለ። «ቤቱን የምትይዝለት እሷ ናት፤ ያገኘችውን ሁሉ መወልወል ደግሞ አመሏ ነው። ሳንቲሟን ወለወለች፤ አጎትየው አየ፤ ተናነቁ፤ ገፋችው። ጠርዟ ላይ የቀረው ማጽጃ ኩሽናው ውስጥ ካለው የማጽጃ ቆርቆሮ ጋር አንድ ነው። ነገ ጠዋት ፋይሏ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ያ ቆርቆሮ የሌለበት ኩሽና አሳየኝ» አለች መርፌ።

«አንቺ ደግሞ ነገር ካላወሳሰብሽ አይጥምሽም። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለሽ።»

ልጅቷ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የታሰረችበትን ክፍል የበር እጀታ በቀሚሷ ጫፍ ትፈትግ ነበር። መርፌን ስታይ አፍራ እጇን ሰበሰበች።

«አጎትሽን ገፍተሽዋል?»

«ብገፋው እነግርዎት ነበር። እኔ የምችለው ስድብ ነው፤ ውሸት አልችልበትም።»

«ትናንት ግን ተጣልታችኋል። ጩኸታችሁን ደረጃው ሙሉ ሰምቶታል።»

«ካፖርቷን ልጠበው አልኩት፣ ብል እየበላው ስለሆነ። ጠረኗ ይጠፋል ብሎ ጮኸብኝ። እኔም መቃብር ውስጥ ነው የምኖረው ብዬ በሩን ወርውሬበት ወጣሁ።» የቀሚሷን ጫፍ እንደገና ያዘች። «የመጨረሻ ቃሌ ያ ነው፤ ያ ነው እንግዲህ።»

«ሳንቲሟንስ?»

«እሷን? ከሟች መዳፍ የወጣች ናት እኮ! ወርቅ ቢሰጡኝ በጭልፋ እንኳ አልነካትም።»

ስትወጣ የልጅቷ እናት፣ የሟቹ እህት፣ በረንዳው ላይ ቆማ አገኘቻት። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም፤ አልቆባት ይሆናል። «ወንድሜን ቀበርኩ» አለች። «ልጄንም በቁሟ ልቀብራት ነው? ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ገና ነው» አለች መርፌ፤ ለሌላ ሰው እንዲህ ለስልሳ ተናግራ አታውቅም።

ከዚያ የሄደችው የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ዘንድ ነው። ጡረታ የወጣ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ በየሳምንቱ ከሰዓት ሠሪው ጋር ሳንቲም ሲያያዩ፣ ሲለዋወጡና ሲሰዳደቡ አርጅተዋል። ቤቱ እንደ ልብስ ስፌት ሳጥን ሁሉ ነገር በቦታው ነበር። መደርደሪያው ላይ ባዶ ጠርሙሶች፣ ከመደርደሪያው በታች የሳንቲም መሳቢያዎች።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ከሳንቲሞቼ ጋር። ምስክሮቼ እነሱ ናቸው፤ አይናገሩም እንጂ።»

«እስቲ ይንገሩኝ ጌታዬ። ሰው ባንክ እያለለት ሳንቲም ቤቱ ውስጥ የሚያከማቸው ለምንድን ነው?»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። «ባንክ የሚያውቀው ገንዘብ ነው። እኔ አባቴ መርከበኛ ነበር፤ ከየወደቡ አንድ አንድ ያመጣልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሳንቲም በያዝኩ ቁጥር በራችን የተንኳኳ ይመስለኛል።»

መርፌ ሳታስበው ወደ በሩ ዞረች። ማንም አልነበረም።

«ጓደኛዎስ?»

«እሱ የሞቱትን ይጨብጥ ነበር። ‹ይህችን ይዞ ገበያ የወጣው ሁሉ አፈር ሆኗል፤ እኔ ግን እጁን ይዤዋለሁ› ይል ነበር። ሌላው ሰብሳቢ ደግሞ ጉድጓዱ ሲሞላ ነው ደስ የሚለው። አንዲት ባዶ ጉድጓድ ካየ እንቅልፍ የለውም።»

«እርስዎ ከየትኞቹ ነዎት?»

«ሦስቱም አሉብኝ፤ የማይድን በሽታ ነው።»

መርፌ ከሟቹ መሳቢያ ያመጣችውን አንድ ሌላ የብር ሳንቲም ዘረጋችለት። ሽማግሌው ሳያየው በጠርዙ ይዞ የእብነ በረዱን ጠረጴዛ ነካ አደረገበት። «ትን…ን…ን» አለ። ከዚያ በኋላ ነው መነጽሩን ያደረገው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?»

«ብር መጀመሪያ ይሰማል፤ ቀጥሎ ይታያል። ልማድ ነው፤ እጄ እኔን አይጠይቀኝም።»

ቀጥላ የተወለወለችውን በከረጢት እንዳለች አሳየችው። «አይ ይህች ልጅ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ገደለቻት።»

«እንዲያውም አዲስ አልመሰለችም?»

«ያልተማረ ዓይን ነው እንዲያ የሚለው!» አለ፣ የሚወደው ነገር ተነክቶበት። «ማጽጃ ጥቁረት ይገፋል እንጂ ያለቀ ፊት አይመልስም። ተፍቆ የጠፋ ጸጉር በውልወላ ሲበቅል የት ታይቷል?»

መርፌ አመስግና ወጣች። የመንገዱ ጥግ ላይ ቆማ ሳንቲሟን ወደ ብርሃን አነሳቻት። የባለዘውዷ ሴት ሹሩባ እያንዳንዱ ዘለላ ይቆጠር ነበር።

ያኔውኑ ወደ ጎረቤትየዋ ተመለሰች። «ያን የሟቿን ሳንቲም ትናንት መቼ ሰማሽው? ሰውየው ከመውደቁ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነዋ! መጀመሪያ ግም አለ፤ ግድግዳዬ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጸጥ። ከዚያ ትን! ታዲያ ባሏ ወድቆ እሷ ካልሆነች ማን ያንቃጭላል? ለዚህ አይደል ሟቿ ናት እያልኩ የምለፈልፈው?»

«ልክ ብለሻል። ከዚህ ሁሉ ፖሊስ አንቺ ነሽ የሰማሽው» አለች መርፌ። ጎረቤትየዋ ደረቷን ነፋች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። አለቃው ፋይሉን ብብቱ ውስጥ ይዟል። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ጎረቤትየዋ በሩ ላይ ተገትራለች። መድኃኒት ቀማሚው የሟቹን ወንበር መረጠ፤ በሟቿ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አልተገኘም።

«ጥያቄዬ አንድ ነው» አለች መርፌ። «ይህች ሳንቲም ለምን ተወለወለች?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ አመሏ ነው» አለ አለቃው ወደ ልጅቷ እያየ።

«አመል ያወጣል ከመሃል፣ እውነትህን ነው። የማን አመል እንደሆነ ግን ቆይተን እናያለን። የሚስቱ ሳንቲም ፊቷ የለሰለሰ ነበር፤ ሟቹ ሳያሳየው የቀረ ሰው የለም። ይህቺ ግን ሹሩባዋ አንድም አልጎደለ። ጋሼ መድኃኒት ቀማሚ ትናንት አስተምረውኛል፤ ውልወላ ጸጉር አያበቅልም። ስለዚህ ይህቺ ተጸድታ አልተለወጠችም፤ ሌላ ናት። የወለወላት ሰውም ያችኑ የሚስቱን ለማስመሰል ነው የወለወላት። የቆዩ ሳንቲሞች እንደ ሰው መልካቸው ይለያያል፤ ስትወለውላቸው ግን ሁሉም አንድ ይሆናሉ። በዚያ ላይ ለወቀሳው የሚሆን ወልዋይ እቤቱ ውስጥ አለ።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። መርፌ ቀጠለች።

«ሰዓት ሠሪው ወደቀ። ቀጥሎ ሳንቲም አቃጨለ። ልጅቷ ብትሆን ትሮጣለች፤ ሌባ ቢሆን ኪሱ ከትቶ ይሮጣል። ወለል ላይ ሬሳ ተዘርግቶ እንኳ ብሩን ሳያሰማ ኪሱ የማይከት ሰው ማነው? እጁ እሱን የማይጠይቀው ሰው ነው።»

መድኃኒት ቀማሚው መነጽሩን አወለቀ። «ወሬ ነው» አለ በቀስታ። «የአንዲት ወሬኛ ሴት ጆሮ።»

«ወሬኛ?» ጎረቤትየዋ ጮኸች። «እኔ?»

«ወሬ ብቻ ቢሆን አልጠራዎትም ነበር። እርስዎ እዚህ ሲቀመጡ ሁለት ባልደረቦቼ ፈቃድ ይዘው ቤትዎ ገብተዋል።» መርፌ በሩን ከፈተች፤ በከፋይ የተለበጠ መሳቢያ ይዘው ገቡ።

«ይህን ያህል ሞኝ ነው?» አለቃው አንሾካሾከ። «የሰረቀውን አይደብቅም?»

«ሊደብቃት አስቦ ይሆናል። ነገር ግን የራሱን ሳንቲም ለማስመሰያ አውጥቶ እዚህ ትቷታል፤ ቤቱ ሲገባ ባዶ ጉድጓድ ጠበቀው። ባዶ ጉድጓድ ያየ ሰብሳቢ ደግሞ እንቅልፍ የለውም።»

ቅርጻቸው ጥርት ባለ ሳንቲሞች ረድፍ መካከል አንዲት ጥቁር፣ ፊቷ የጠፋ ባለዘውድ ሴት ተኝታ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው ከሟቿ ባዶ ወንበር ጋር የሚያወራ ይመስል ዓይኑን እዚያው ተክሎ ጀመረ።

«የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሳታገባው በፊት። እሱን መረጠች፤ እኔም ዝም አልኩ። ግን አልጣለቻትም፤ አያችሁ? ዕድሜዋን ሙሉ ስትዳብሰኝ ኖረች! ስትሞትም ጨብጣኝ ሞተች! ባለፈው ሳምንት ‹ከእኔ ጋር ትቀበራለች› አለኝ። ሻይ ሊያፈላ ሲገባ ቤቴ ወልውዬ ባመጣኋት ለወጥኳት። የእሷን ገና ኪሴ ሳልከት ተመለሰ፤ ወዲያው አወቀ። ያዘኝ፤ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ወንድሜ ነበር እኮ።»

«እኔንስ?» አለች ልጅቷ። «እኔንስ ልትገድለኝ አልነበረም ጋሼ?»

ፖሊሶቹ ሲይዙት «አንዴ ብቻ ልያዛት» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። መርፌ ራሷን ነቀነቀች። ደረጃውን ሲወርድ እጁ እንደተዘረጋ ነበር። አለቃው ፋይሉን ለሁለት ቀዶ ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ የመኪናው ድምፅ መንገዱ ላይ ራቀና ጠፋ።

እናትየዋ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ ለካ እንባው አላለቀም። ሲወጣላት ፊቷን ጠርጋ መሳቢያው ላይ ጎንበስ አለች።

«ይህ ሁሉ ለዚህች ነው?» አለች። «ሟቿ እኮ አንድም ቀን ዳብሳት አታውቅም። ከየት እንደመጣችም ረስታዋለች፤ ሳንቲሟ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከክር ጋር ነበር የምትውለው።»

መርፌ ቀና አለች። «መዳፏ ውስጥ አልነበረም የተገኘችው?»

«ወንድሜ ነዋ ያስገባት። ከሞተች በኋላ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። እጇ ባዶውን ሲታጠፍ ማየት አልቻለም። የሳንቲሟን ፊት ያጠፋውም ከዚያ ወዲህ የእሱ የራሱ አውራ ጣት ነው።»