መስኮት የሌለው ክፍል

ሮሃዩ ሠራተኞቹ ከአደጋ ልምምድ መልስ የከመሩትን የሕይወት አድን ጃኬት አንድ በአንድ እያነሳች፣ የላላውን የፊሽካ ክር እያጠበቀች በሣጥን ትደረድር ነበር። አሥራ አንደኛውን ስታነሳ የግድግዳው ስልክ ጮኸ።

«ኢንስፔክተር፣ ስድስተኛ ፎቅ ይውረዱ» አለ የመርከቧ ሐኪም። «ክፍል አሥራ አራት። አንዲት ሴት ሞታለች። በራሷ የሞተች ግን አይመስለኝም።»

ሮሃዩ ክሩን ቋጥራ ጃኬቱን በቦታው አኖረችና ወረደች። ከፖሊስ ጡረታ ወጥታ የመርከቧ ጥበቃ ኃላፊ ከሆነች አራት ዓመቷ ነው። ኢንስፔክተር የሚለው ስም ግን አልለቀቃትም።

ክፍል አሥራ አራት በመርከቧ ሆድ ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም። መብራቱ ከጠፋ በቀትርም የገዛ እጅ አይታይም። ከበሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ የስድሳ ዓመት ሴት ተዘርግታለች፤ እግሯ ወደ በሩ ነው። ትራሱ ወለል ላይ ወድቋል። የዓይኗ ነጭ በጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ የታችኛው ከንፈሯ ውስጡ ተሰንጥቋል።

«በትራስ ታፍናለች» አለ ሐኪሙ። «የሞተችው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ላይ ይሆናል። ስሟ ዮክ ቺንግ ነው።»

ሮሃዩ ክፍሉን ቃኘች። ምንጣፉ ላይ፣ በሁለቱ አልጋዎች መካከል፣ ነጭ የቁስል ፕላስተር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደ ድንበር ተለጥፏል። መስታወቱ ላይ ደግሞ በሁለት ዓይነት እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሜይ ፎንግ እንቅልፍ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ የዮክ ቺንግ እንቅልፍ።

ካፒቴኑ ከውጭ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «አሥራ ሁለት ላይ ፔናንግ እንገባለን። ፖሊስ ወደቡ ላይ ይጠብቀናል። የዚህ ክፍል ተሳፋሪዎች ሁለት ናቸው። አንዷ ሞታለች፣ ሁለተኛዋን አስረክባለሁ።»

«የበሩ መዝገብ ምን ይላል?»

«ስድስት ተኩል ላይ የጽዳት ሠራተኛው ካርድ። ስምንት ከአርባ ላይ የሜይ ፎንግ ካርድ። በመካከል ማንም የለም።»

«እሺ፣ ሟቿ ራሷ በምን ገባች?»

ካፒቴኑ ሰዓቱን እንደገና አየ። «ሦስት ሰዓት አለዎት» አለና ሄደ።

ሜይ ፎንግ በሐኪሙ ቢሮ ተቀምጣለች፤ አጭር፣ ደረቅ ሴት፣ በኢፖ ከተማ ሠላሳ ዓመት የልብስ ስፌት ያስተማረች። ሮሃዩ ገና ሳትቀመጥ ሜይ ፎንግ ጀመረች።

«እጠላት ነበር። ይጻፉት። ሌሎቹ ከሚነግሩዎት እኔ ልንገርዎት።»

«እሺ፣ ጽፌዋለሁ። ከጠሏት ለምን አብረው አደሩ?»

«ማን መርጧት? ጉዞውን ያስያዘው ወንድሜ ዌንግ ነበር፤ እሱ፣ ሚስቱና እኔ በአንድ ክፍል። አምና ሞተ። ሚስቱ ሲዩ ሃር ከእኔ ጋር አንድ አየር ላለመተንፈስ እጥፍ ከፍላ ብቻዋን ሆነች፤ ይኸው ጎረቤቴ ናት፣ ክፍል አሥራ ስድስት። እኔን፣ ‹ወይ እጥፍ ክፈዪ፣ ወይ ከማታውቂው ሰው እናጣምርሽ› አሉኝ። በእኔ ጡረታ እጥፍ ይከፈላል?»

«ከዮክ ቺንግ ጋር በምን ነበር የምትጣሉት?»

«በምን እንዳልተጣላን ብነግርዎት ይቀላል። እሷ የመድኃኒት ዘይት ተቀብታ ታፍነኛለች፣ እኔ አንኮራፋለሁ። አስጎብኚያችን ዴቫን ነው በመጨረሻ በሰዓት የከፋፈለን። አልጋው ደግሞ አለ፤ የበሩ አጠገቡ ለእኔ ደረሰኝ። እግሬን ወደ በር አድርጌ፣ ተሸክመው እንደሚያወጡት ሬሳ አልተኛም ብላት፣ ‹ለሬሳማ ትንሽ ነው የቀረሽ› ብላ ሳቀችብኝ።»

«ዛሬ ግን እዚያ አልጋ ላይ ያለችው እሷ ናት።»

ሜይ ፎንግ ጣቷን አፍተለተለች። «ዛሬ ምሳ ላይ ራሷን አሟት ነበር። ‹የእንቅልፍ ሰዓትሽን ስጪኝና የውስጠኛውን አልጋ ለዘለዓለም ውሰጂው፣ እኔ ሬሳ አልፈራም› አለችኝ። ሰጠኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከመርከቧ ኋላ ቆሜ ውኃ ሳይ ቆየሁ። ማንም አላየኝም። እኔን ማን ያያል? ተመልሼ በሩን ብገፋው ተቆልፏል። ገረመኝ።»

«የመርከብ በር መቆለፉ ነው የገረመዎት?»

«የእኛ ተቆልፎ አያውቅም። ያች ሴትዮ አየር ያጥረኛል፣ የካርዱ ጩኸትም ይቀሰቅሰኛል እያለች የታጠፈ ወረቀት በቁልፉ ምላስ ላይ ትሰካ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በግፊት ነው የገባነው። ዛሬ ወረቀቱ የለም። በካርዴ ከፈትኩ፣ መብራት አበራሁ፣ አየኋት።»

ሮሃዩ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ስለ ወረቀቱ ማን ያውቃል?»

«ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው። የጽዳቱ ልጅ፣ ዴቫን፣ ሲዩ ሃርም በራችን ላይ ቆማ ሌባ ታስገቡብናላችሁ ብላ ከሳናለች።»

ሲዩ ሃር ሮሃዩን ያነጋገረችው በክፍሏ በር ላይ እንደቆመች ነው። ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጆሮዋ ላይ የጉትቻ ቀዳዳ ብቻ ይታያል። ከኋላዋ፣ ማንም ያልተኛበት ሁለተኛ አልጋ ላይ፣ ቀይ የሐር ሸሚዝ ተጥሏል። ስልኩ አጠገብ ሁለት የወርቅ ጉትቻዎች አሉ።

«ሟቿን አላውቃትም» አለች። «ሰላም እንኳ ተባብለን አናውቅም።»

«ሜይ ፎንግንስ?»

«እሷንማ ሃያ ስምንት ዓመት አውቃታለሁ። ሰው አፍና ገደለች ቢሉኝ አይደንቀኝም። ወንድሟንም በምላሷ ስታፍነው ነው የኖረችው።»

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ተኝቼ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

ሲዩ ሃር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እጥፍ የከፈልኩት ማንም እንዳያየኝ ነው፣ ኢንስፔክተር። መቼ ወጣሽ፣ መቼ ገባሽ የሚለኝ ሰው እንዳይኖር። ጨረስን?»

«ለጊዜው» አለች ሮሃዩ። ዓይኗ ቀዩ ሸሚዝ ላይ ትንሽ ቆየ።

አስጎብኚው ዴቫንና የጽዳት ሠራተኛው ሮደል በሠራተኞች ምግብ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቋት። አይተያዩም።

«ሟቿ እሱን ከሳው ነበር» አለ ዴቫን ሳይጠየቅ። «ፎጣ አልቀየረም ብላ። ሥራው ሊጠፋ ነበር።»

«አንተንስ?» አለ ሮደል። «‹ከአውሬ ጋር ያሰርከኝ አንተ ነህ› እያለች በምግብ አዳራሹ ስታዋርድህ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ሁለታችሁም ቀስ በሉ» አለች ሮሃዩ። «ዴቫን፣ ስምንት ሰዓት ላይ?»

«ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ቢንጎ አጫውት ነበር። ድምፅ ማጉያ ይዤ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት።»

«ምሳ ላይ አልጋና ሰዓት ሲለዋወጡ ነበርክ?»

«እኔ ነኝ ያስማማሁት። ከሦስታችን ሌላ ጠረጴዛው ላይ ሰው አልነበረም። ለሮደል ደግሞ ትራሶቹን እንዲያዛውር ነገርኩት።»

«ሲዩ ሃርስ?»

«እሷ ከመጀመሪያው ማታ ወዲህ ክፍሏ ነው የምትበላው። ያን ማታ ሜይ ፎንግ በሰው ፊት ምን እንዳለቻት አልሰሙም? ‹ወንድሜ ከደረጃ ወድቆ አንድ ሰዓት ነው የቆየው ብለሽናል። ሬሳውን ያየው ሐኪም አምስት ሰዓት ተጋድሞ ነበር ይላል። አምስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለሽ ስታዪው ነበር። ሰኞ ኢፖ እንደገባን ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።› ሹካ የያዘ ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ።»

ሮሃዩ ወደ ሮደል ዞረች። ሮደል ከዓይኗ ሸሸ።

«አንተ ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል በልምምዱ ፊቴ ቆመህ ነበር። ጃኬትህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አትፍራኝ። ስድስት ተኩል ላይ ምን አደረግህ?»

«ለመዝገቡ በደንቡ ካርዴን አስነክቼ ገባሁ፤ አንሶላ ቀየርኩ፣ ትራስ አዛወርኩ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አክስቴ ዮክ ቺንግ መጡ፣ ትልልቅ ተሳፋሪዎችን አክስቴ ነው የምንላቸው፤ በሩ ክፍት ስለነበር ካርድ አላስፈለጋቸውም። ‹ውጣልኝ› አሉኝና ወረቀታቸውን እፊቴ አጥፈው ሰኩ። መብራቱን አጠፉ። ከዚያ የአክስቴ ሲዩ ሃርን የምሳ ሳህን ላነሳ ሄድኩ።»

«ሲዩ ሃር ምን ለብሰው ነበር?»

ሮደል አሰበ። «ቀይ ሸሚዝ። የወርቅ ጉትቻ።»

«ሬሳው ሲገኝስ?»

«አክስቴ ሜይ ፎንግ በስልክ ጠሩኝ። ገብቼ አየሁና፣ ሐኪም ጥሩ ብዬ ወደ ኮሪደሩ ጮኽኩ። ወዲያው አክስቴ ሲዩ ሃር ከክፍላቸው ወጡ፤ ጥቁር ሰማያዊ ለብሰው። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። ከዚያ አክስቴ ሜይ ፎንግን በእግራቸው ከክፍሉ ሲወጡ አዩና ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። ደስታ ነው ብዬ ነበር።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም በካርታ መጫወቻው ክፍል ተሰበሰቡ። ሜይ ፎንግና ሲዩ ሃር በክፍሉ ሁለት ጫፍ ተቀመጡ። ካፒቴኑ በሩ ላይ ቆመ። በመስኮቱ የፔናንግ ኮረብታ ደብዝዞ መታየት ጀምሯል።

«ከወረቀቱ ልጀምር» አለች ሮሃዩ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ሁሉም ወደ ፊት አዘነበሉ። «ሟቿ በሩ እንዳይቆለፍ አድርጋ ነው የተኛችው። ስለዚህ ገዳዩ ካርድ አላስፈለገውም፤ ገፍቶ ገባ። ሲወጣ ግን ወረቀቱን ነቅሎ በሩን ዘጋው። ለምን?»

ሮሃዩ የበሩን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«በሩ ከተቆለፈ የሚጠረጠረው ካርድ ያለው ብቻ ነው። ወይዘሮ ሜይ ፎንግ ገድለው ቢሆን ወረቀቱን አይነኩትም ነበር። እዚያው ቢተዉት መርከቧ ሁሉ ይጠረጠራል፤ ቢነቅሉት ገመዱ በራሳቸው አንገት ይገባል። ስለዚህ የነቀለው ሌላ ሰው ነው፤ ጥፋቱ በክፍል ተጋሪዋ ላይ እንዲወድቅ የፈለገ ሰው።»

ካፒቴኑ ኮፍያውን አወለቀ።

«ዴቫን ሁለት መቶ ሰው ፊት ነበር። ሮደል እኔ ፊት ነበር። ስለ ወረቀቱ ከሚያውቁት የቀሩት ወይዘሮ ሲዩ ሃር ናቸው።»

«ሴትዮዋን አላውቃትም ብዬሻለሁ» አለች ሲዩ ሃር።

«እውነትዎን ነው። እሷን ለመግደል ምንም ምክንያት አልነበረዎትም። ይህ ነው ያደናገረኝ፤ አልጋውን እስከማስታውስ ድረስ። መስታወቱ ላይ ያለው ወረቀት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያለው እንቅልፍ የማን ነው ይላል?»

«የእኔ» አለች ሜይ ፎንግ። ቀስ ብላ ወደ ሲዩ ሃር ዞረች።

«የበሩ አጠገብ አልጋስ እስከ ዛሬ ምሳ ድረስ የማን ነበር? ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ገዳዩ ፊት ማየት አያስፈልገውም፤ በሰዓቱ መጥቶ የሚያውቀውን አልጋ ይዳስሳል። መለዋወጡን የሚያውቁት ዴቫን፣ ሮደልና ሁለቱ ሴቶች ናቸው። እርስዎ የቀድሞውን ሰዓትና አልጋ በራቸው ላይ ቆመው አይተዋል፤ ዛሬ ምሳ ላይ ግን ከእነሱ ጋር ላለመብላት ክፍልዎን ዘግተው ነበር። ሐሳብዎ ቀላል ነው፦ ሜይ ፎንግ ትሞታለች፣ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው አይኖርም፣ ሦስት ቀን ስትሰድባት የከረመችው ባዕድ ሴት ትታሰራለች።»

«ተረት ነው» አለች ሲዩ ሃር። «ከየት አመጣሽው?»

«ከልብስዎ። ሰባት ሰዓት ላይ ቀይ ሸሚዝና ጉትቻ አድርገው ነበር። ሮደል ገና ሲጮህ ጥቁር ሰማያዊ ለብሰው፣ ጉትቻ አውልቀው ወጡ። ማን እንደሞተ ሳይነገርዎት። ለማያውቁት ጎረቤት ቀይ የሚያወልቅ ማነው? በእናንተ ወገን ልማድ ቀይና ወርቅ የሚወልቀው ዘመድ ሲሞት ነው። የባልዎ እህት ሞታለች ብለው ነው የለበሱት። የባልዎን እህት ሬሳ በቀይ ሸሚዝ ላለመቀበል እጅዎ ከልማድ ቀደመዎት።»

ሮሃዩ ከኪሷ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አወጣች። ውስጡ አራት ጊዜ የታጠፈ፣ የመድኃኒት ዘይት የወዛበት ወረቀት አለ። «ይህ በካፒቴኑ ፊት ከቀዩ ሸሚዝ ኪስ ነው የተገኘው።»

ሲዩ ሃር ወረቀቱን አየችው። ከዚያ ሮሃዩን ትታ በክፍሉ ማዶ ወዳለችው ዞረች።

«ሃያ ስምንት ዓመት» አለች በረጋ ድምፅ። «እራት ቁጭ ስል አንቺ አለሽ። ስንጣላ አንቺ አለሽ። ሲሞት እንኳ ‹እህቴን ጥሪልኝ› ነው ያለኝ። አልጠራሁሽም። ለዚህች ጉዞ እጥፍ ከፍዬ፣ በግድግዳ በኩል ስታንኮራፊ ሰማሁሽ።»

ሜይ ፎንግ ቀና አለች። «አምስት ሰዓት ሙሉ ጠራኝ?»

ሲዩ ሃር ተነሳች። ካፒቴኑ በሩን ከፈተላት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፖሊሶቹ ወደ መርከቧ ወጡ። ፎቶ አነሱ፣ ሬሳውንና ሲዩ ሃርን ይዘው ወረዱ። የዮክ ቺንግ ዕቃ ለልጇ እንዲላክ ተፈቀደ። ሮሃዩ ወደ ክፍል አሥራ አራት ስትመለስ ሜይ ፎንግን ከፕላስተሩ ማዶ፣ በሟቿ ወገን ቆማ አገኘቻት። አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቷል።

«ይህ የሠራተኛ ሥራ ነው» አለች ሮሃዩ። «መስኮት ያለው ክፍል አዘጋጅተንልዎታል። ብቻዎን ነዎት። ክፍያ የለውም።»

«ሠራተኞቹ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ውጭ ነው የሚያጥፉት» አለች ሜይ ፎንግ። «እሷ ወደ ውስጥ ነው። ስትነዘንዘኝ ነው የተማርኩት።»

አንድ ሸሚዝ አጠፈች፣ ሌላ አነሳች።

«የመጨረሻ ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? ‹ቶሎ ተኝተሽ ልቀቂልኝ።›»

ሮሃዩ ከአልጋው ሥር የሟቿን ጫማዎች አወጣች። ጫማዎቹን በላስቲክ ጠቅልላ አቀበለቻት። ሜይ ፎንግ ተቀብላ በሻንጣው ግርጌ አስገባቻቸው፣ ሸሚዞቹን ከላይ ደለደለች፣ ዚፑን ዙሪያውን ስባ ዘጋችና ሻንጣውን በሩ አጠገብ አቆመችው።