ጨው የሌለው ውሃ

ጉንዳን ግልጹን ሳፋ አዘንብላ ጨዋማውን ውሃ በሙሉ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ቧንቧውን ከፍታ እስከ ምልክቱ ሞላችው። ጣቷን ነክራ ቀመሰች፤ ጨው የሚባል ነገር የለውም።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ማንም አልነበረም። ሁሉም የሳይንስ ኤግዚቢሽኑን እንግዶች ሊቀበል ግቢው ውስጥ ነው። ሳፋውን ቦታው መልሳ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች፦ «ፕላስቲኮችን በእፍግታ መለየት»። ከሥሩ ያለው የጓደኛዋ የፈንዲሻ ስም ብቻ ነው።

«እስቲ አሁን ሳቂ» አለች ለብቻዋ።

ፈንዲሻ የሚለውን ቅጽል ያወጣችላት ራሷ ነበረች፤ ልጅቷ ሳቋ ሲመጣ እሳት ላይ እንዳለ በቆሎ ስለምትንጣጣ። ፈንዲሻም በፋንታዋ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ተሸክማ ስለምትታይ፣ «ጉንዳን» አለቻት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም።

ሙከራው የተጀመረው ጉንዳን ቤት ነው። እናቷ የምትሠራው አሮጌ ፕላስቲክ በሚፈጭበት ወርክሾፕ ነው። ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ የጠርሙሱን፣ የክዳኑንና የእርጎ ኩባያውን ስብርባሪ በእጇ ትለያለች። ጉንዳን አንድ ቅዳሜ የእናቷን የሥራ ልብስ ስታጥብ፣ ከኪሱ የወጡት የክዳን ስባሪዎች ሲንሳፈፉ፣ ሌሎቹ ሲሰምጡ አየች። ጨው ጨመረችበት። ጨው ሲበዛ የኩባያውም ስባሪ ወደ ላይ ወጣ፤ የጠርሙሱ ብቻ ከታች ቀረ። ለስንት ሊትር ስንት ማንኪያ ጨው እንደሚበቃ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየሞከረች ደብተር ላይ ጻፈች።

ከዚያ የእናቷ ጣት በስባሪ ተቆርጦ አመረቀዘ። ጉንዳን እሷን ሐኪም ቤት ስታመላልስ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ደብተሩን «ለቲቸር ስጪልኝ» ብላ ለፈንዲሻ ሰጠቻት። ስትመለስ ሙከራው በፈንዲሻ ስም ተመዝግቦ ቆያት።

«አንቺ የለሽም፣ ቀኑ ደግሞ ሊያልፍ ነው» አለች ፈንዲሻ፣ ዓይኗን ሳታይ።

«የሁለታችንን ስም መጻፍ አቅቶሽ ነው?»

«አቦ አታካብጂ! ለቲቸር አንዴ የኔ ነው ብያለሁ፤ አሁን አታዋርጂኝ።»

ጉንዳን አላኮረፈችም። እንደወትሮው አጠገቧ ተቀመጠች፣ በቀልዷም ሳቀች። ውስጧ ግን ይነድ ነበር። የታገሠችው አንዲት ቀን እየጠበቀች ነበር፤ ዛሬን።

እንግዶቹ ሲገቡ ከኋላ ቆመች። ፈንዲሻ የተፈጨውን ፕላስቲክ ተራ ውሃ ውስጥ ጨመረች። ክዳኖቹ ተንሳፈፉ፤ ተጨበጨበ። የሰመጠውን ለቅማ ጉንዳን ውሃውን ወደ ለወጠችበት ሁለተኛ ሳፋ ገለበጠችውና በኩራት «አሁን ደግሞ ነጩ የእርጎ ኩባያ ይወጣል» አለች።

ምንም አልወጣም። አማሰለችው። አሁንም ሁሉም ከታች ነው።

«ኧረ ተነሡ በሏቸው!» አለ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጆቹ ሙድ ያዙባት። የፈንዲሻ ፊት ቀላ። ጉንዳን እያንዳንዷን ሳቅ እንደ ከረሜላ አጣጣመቻት።

ከእንግዶቹ መሃል አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉንዳን ያን ጊዜ ለየቻቸው። የእናቷ አለቃ፣ የወርክሾፑ ኃላፊ ናቸው። እንደሚመጡ ማንም አልነገራትም።

«ሠራተኞቼን ከለቀማ ያሳርፋል ሲሉኝ ነበር የመጣሁት» አሉ። «ምን ይደረግ፤ በእጅ እንቀጥላለን።» ወደ በሩ ዞሩ።

ጉንዳን በፋሻ የተጠቀለለው የእናቷ ጣት ታያት። ሳቁ ከጆሮዋ ጠፋ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ!»

ሰው እየገፋች አለፈች። የጨውን ከረጢት ከቁም ሳጥኑ አውጥታ እየቆጠረች ጨመረች፣ እስኪሟሟ አማሰለች። መጀመሪያ አንድ ነጭ ስባሪ ተነሣ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ነጩ ሁሉ ተግተልትሎ ወጣና የጠርሙሱ ስባሪ ብቻ ከታች ቀረ።

ኃላፊው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። «ይሄን ያሰበው ማን ነው?»

ጉንዳን ፈንዲሻን ብቻ ትኩር ብላ አየቻት።

«እሷ ናት» አለች ፈንዲሻ፣ ድምጿ ቀጥኖ። «እኔ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ሰኞ በበርሜል ታሳዪናለሽ» አሏት ኃላፊው ለጉንዳን።

እንግዶቹ ሲወጡ የፊዚክስ መምህሩ ወደ ፈንዲሻ ዞሩ። «ጨዉንስ ረስተሽው ነው?»

ፈንዲሻ ጠዋት በማንኪያ ቆጥራ ነበር የጨመረችው። ጉንዳን ደግሞ ውሃውን እንኳ ሳትቀምስ ነው ወደ ጨው የሮጠችው፤ ገባት። «አዎ ቲቸር» አለች። «ረስቼ ነው።»

ነገሩ በዚሁ ሊያልቅ ነበር። ጉንዳን ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

«አልረሳችም» አለች። «እኔ ነኝ የደፋሁት።»

መምህሩ ሙከራውን ከኤግዚቢሽኑ ውድድር ሰረዙት። ከነገ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ቤተ ሙከራውን የምታጸዳው ጉንዳን ናት።

ፈንዲሻ በሩ ላይ ደረሰችባት። «ለምን ተናገርሽ? ዝም ብዬልሽ ነበር እኮ።»

«ለዚያ ነዋ። ያንቺን ውለታ አልፈልግም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ገና ነኝ» አለች ጉንዳን። «ገና በጣም ተናድጃለሁ።»

መንገዷን ቀጠለች። የፈንዲሻን እርምጃ ከኋላዋ ሰማችው። ቆማ አልጠበቀቻትም። ተመለሽም አላለቻትም።