የረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት

ትርሲት እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርሷን በልታ ስታበቃ፣ መጋረጃውን ሰብስባ አጀንዳዋን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። ጥቁር የፕላስቲክ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ ከእጇ ንክኪ ብዛት የወዛ አጀንዳ ነው። በከፈተችው ቁጥር ታካሚዎቿን የምታሽበት የካምፎር ቅባት ሽታ ከገጾቹ መሃል ብድግ ይላል። ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ስትሮክ የመታቸውን፣ አጥንታቸው ተሰብሮ የከረመባቸውን ሰዎች እንደገና መራመድ ታስተምራለች። ጠዋት ጠዋት ደሴ መሃል ከተማ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን ቤት ለቤት እየዞረች ታያለች። የማንን ጉልበት በየትኛው ቀን፣ የማንን ትከሻ በስንት ሰዓት እንደምታይ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የነገራት ይህ አጀንዳ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ግን አጀንዳው አሳፈራት። አቶ ይመር የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቋት፤ ለካ ቀጠሯቸው የተጻፈበት ገጽ በቅባት ከሌላው ጋር ተጣብቆ ኖሯል።

«እትዬ ትርሲት፣ በዚህ ዘመን ማን በወረቀት ቀጠሮ ይይዛል?» አለቻት ሐያት። ሐያት ፊዚዮቴራፒ ተምራ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ ወጥታ ክሊኒኩ የተቀጠረች፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች የምትወጣ የሥራ ባልደረባዋ ናት። የክሊኒኩን ቀጠሮ በኮምፒውተር የምትይዘውም እሷ ናት። «ስልክሽን አምጪ። እኔ ከመዘገብኩት ጋር አገናኝልሻለሁ። ቀጠሮሽ ሲደርስ ራሱ ይጮኽልሻል።»

ትርሲት ስልኩን ሞከረችውና አልጣማትም። ዘጠኝ ሰዓትን ሦስት ሰዓት ይላታል፤ ሐምሌን በፈረንጅ ወር ከፋፍሎ ያስቀምጥባታል። ሐያት ሳቀችባት።

«እሺ በቃ፣ ሐምሌን ሁለቱንም ያዢ። ወሩ ሲያልቅ የሚሻልሽን ትመርጫለሽ።»

በዚህ ተስማሙ። የመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮዎች በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነበሩ። በሁለተኛው እሑድ ግን አጀንዳውን ከስልኩ ጋር ስታመሳክር ረቡዕ ላይ ስልኩ የማያውቀው መስመር አገኘች። «9 ሰዓት። ሰኞ ገበያ ሰፈርን አልፎ፣ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት በታች። ግራ እግር።» የታካሚ ስም የለውም። መቼ እንደጻፈችው፣ ማን ደውሎ እንደነገራት ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም። የእጅ ጽሑፉ ግን የራሷ ነው። ደክሟት የጻፈችው መሰላትና ተወችው።

ረቡዕ ዕለት ጉሙ ከቶሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ውጦት ነበር። ትርሲት ጃንጥላዋን ይዛ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት በታች ያለውን የድንጋይ ደረጃ ስትወርድ የባጃጁ ጡሩምባ፣ የገበያተኛው ጫጫታ፣ የቆርቆሮው ላይ ዝናብ አንድ በአንድ ከኋላዋ እየቀረ ሄደ። በመጨረሻ የሚሰማት የራሷ ትንፋሽና ጫማዋ ከጭቃው ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ሆነ። ታች አንድ የድንጋይ ቤት አለ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ቤቶች!» አለች።

«ግቢ» አላት የሴት ድምፅ። የለሰለሰና የማይቸኩል ድምፅ ነበር።

ውስጡ የረጠበ ሱፍና የከረመ ዱቄት ይሸታል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሳንቃው ስንጥቅ የገባ ቀጭን ብርሃን አልጋው ጫፍ ላይ ወድቋል። በሽተኛዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስከ አናቷ ጋቢ ተከናንባለች፤ ከጋቢው የወጣው ግራ እግሯ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ካመመዎት ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ቆየ።»

ትርሲት እግሩን ያዘች። የብዙ ሽባ ሰው እግር ይዛ ታውቃለች፤ የዚህ ቅዝቃዜ ግን የሕመም አይመስልም፤ ወንዝ ውስጥ የከረመ ድንጋይ ከሥር ሲያወጡት ያለው ዓይነት ቅዝቃዜ ነው። ውስጥ እግሩን በአውራ ጣቷ ስትዳስሰው ንቃቃት የለው፣ መስመር የለው፣ ገና ከተጠቀለለበት ጨርቅ እንደወጣ የአራስ ልጅ እግር ልስልስ ያለ ነው። ቢሆንም ሥራዋን ሠራች። ቁርጭምጭሚቱን አዞረች፣ ጅማቱን ሳበች፣ ቅባቷን አፍስሳ አሸች። ልትነሣ ስትል አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ታጠፈና ተዘረጋ። በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት የቆየ ሰው እንዲህ ያለውን ሲያይ ደስታው አይደበቅምና ትርሲት ፈገግ አለች።

ማታ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ጭቃ አላገኘችበትም። መንገድ ዳር ያለው ሣር ጠርጎት ይሆናል አለች። እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስትነክር ግን ግራውን ሙቀቱ ዘግይቶ ተሰማው።

የመጪውን ረቡዕ ቀጠሮ በዚያው ምሽት ስልኳ ላይ መዘገበችው። እሑድ ስታየው የለም። ሳላስቀምጠው ቀርቼ ይሆናል ብላ ደግማ መዘገበችው፤ በማግሥቱም የለም። አጀንዳው ላይ ግን የመጪው ረቡዕ መስመር ተጽፎ ይጠብቃታል። ስልኩ ይሻለኛል ወይስ ወረቀቱ ብላ ስታመዛዝን ለወረቀቱ አደላች፤ እሱ ቢያንስ የያዘውን አይጥልም።

በሁለተኛው ረቡዕ ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው፣ ጋቢዋን ከፊቷ ሳታወርድ፣ እጇን ትርሲት ትከሻ ላይ አሳርፋ ቆመች። ትርሲት የምትደግፈውን ሰው ክብደት ለመቀበል ወገቧን አጥብቃ ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ያረፈው ግን የተንጠለጠለ ባዶ ቀሚስ ያህል እንኳ አይከብድም።

«አሁን ይራመዱ እማማ። ቀስ ብለው።»

«የቱ ነው የሚቀድመው?» አለች ሴትዮዋ። «ተረከዙ ነው ጣቱ?»

«ተረከዝ ነዋ! ረሱት እንዴ?»

«አልረሳሁም» አለች ሴትዮዋ በዚያው በማይቸኩለው ድምፅ። «አላውቀውም።»

ትርሲት የተማረችውን ያህል፣ እጇ የለመደውን ያህል፣ ተረከዙን አስረግጣ፣ ጣቶቹን አስከትላ፣ ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ አራመደቻት። በአራተኛው እርምጃ ላይ የገዛ ግራ እግሯ ከዳትና ግድግዳውን ያዘች። ደረጃውን ስትወጣ እግሯን እንደ እርጥብ ጆንያ እየጎተተች ነበር።

በማግሥቱ ሐሙስ ሐያት ሻይ ይዛላት ገባች።

«እትዬ ትርሲት፣ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ሆነሽ ነው? ሦስቴ ጠርቼሽ ዝም አልሽኝ።»

«የት አግኝተሽኝ? ሰኞ ገበያ ታካሚ ቤት ነበርኩ።»

«ወላሂ እዚሁ ነበርሽ! እዚች ወንበር ላይ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትጽፊያለሽ። አጀንዳሽ ላይ። ያለፈው ረቡዕም እንደዚሁ፤ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ በሩን ዘግቼልሽ ሄድኩ።» የትርሲትን ፊት ስታይ ድምፅዋ ወረደ። «አመመሽ እንዴ?»

ትርሲት አጀንዳውን ከፈተችው። የነሐሴ ረቡዖች በሙሉ ተሞልተዋል፤ በራሷ ጽሑፍ፣ በራሷ ቀለም። «9 ሰዓት። ግራ እግር።» ቀጥሎ «ቀኝ እግር።» ቀጥሎ «ደረጃ መውጣት።» የዓመቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ሰዓትም የሰውነት ክፍልም አልተጻፈም፤ «በራሷ ትመጣለች» ይላል፣ ያውም ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ተጭኖ።

ሻዩን ሳትቀምስ ተነሣች። ክሊኒኩ ጓሮ፣ ያገለገለ ፋሻና ጥጥ የሚቃጠልበት በርሜል ጋ ሄዳ፣ አጀንዳውን ገጽ በገጽ እየገነጠለች ከተተችው። ከዝናቡ የተነሣ መጀመሪያ ጭሱ ብቻ ወጣ፤ ኋላ ቅባቱ ተቀጣጠለና ግቢው በሙሉ ካምፎር ካምፎር አለ። ሽፋኑ ቀልጦ ጥቁር ኩሬ እስኪሆን ድረስ ከአጠገቡ አልተነሣችም።

«መርጫለሁ» አለቻት ሐያትን፣ ተመልሳ ስትገባ።

«አላልኩሽም? ስልክ ይሻላል!»

የሚቀጥለው ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰው ካለበት እንዳትለይ ከሐያት ጋር ተቀመጠች። ምንም አልሆነም። ኋላ ስልኳ የአቶ ይመርን ቀጠሮ ጮኾ ነገራት፣ ሄደች፣ ሽማግሌው መርቀው ሸኟት። ያን ዕለት በሰላም ተኛች።

እግሯ ግን አልተመለሰም። ግራው ደነዘዘ፤ በሳምንቱ ቀኙ ተከተለው። ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ወጋጋው፣ በመዶሻው መታ መታ አደረገው፣ ራጅ አስነሣው። «ነርቩ ደህና ነው፣ ጡንቻው ደህና ነው» አላት ግራ ተጋብቶ። ነሐሴ ሲጋመስ ከአልጋ መነሣት አቃታት። ጎረቤቷ ጠዋት ጠዋት አጥሚት እያቀበለቻት በሩን ገርበብ አድርጋላት ትሄዳለች። ትርሲት የቀረውን ቀን ዝናቡን ስታዳምጥ፣ ጋቢዋን ገልጣ የማይታዘዙትን እግሮቿን ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን የውስጥ እግሯን በእጇ ዳሰሰችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ተረከዟ ላይ የነበረው ንቃቃት ጠፍቷል።

ማክሰኞ ዕለት ስልኳ ጮኸ። «ነገ ረቡዕ 3:00። የቤት ለቤት ሕክምና። ታካሚ፦ ትርሲት።» አጠፋችው። ተመልሶ መጣ። ደግማ አጠፋችውና ለሐያት ደወለች።

«ሐያት፣ እኔን ለሕክምና መዝግበሽኛል?»

«አዎ፣ ዘመድሽ መጥተው ነው እኮ! ‹እኔ አያታለሁ፣ ብቻ ሰዓቱን ያዢልኝ› አሉኝ።»

«የትኛው ዘመዴ?»

«ጋቢ የተከናነቡት ትልቅ ሴት። ‹መራመድ ያስተማረችኝ እሷ ናት› ብለው ስምሽን ደጋግመው ጠሩ። ማሻ አላህ፣ ጎበዝ አድርገሻቸዋል፤ ያን ሁሉ ደረጃ ያለ ምርኩዝ ወረዱት።»

ትርሲት ምን ብላ ስልኩን እንደዘጋች አታስታውስም። ረቡዕ ጎረቤቷን በሩን ቆልፈሽ ሂጂ አለቻት፤ ተቆለፈ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ አባራ፤ ጉሙ እስከ መስኮቱ ደረሰና ክፍሉ ደበዘዘ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከውጭ ኮቴ ሰማች። የማይቸኩል፣ የተስተካከለ አረማመድ ነው፤ መጀመሪያ ተረከዝ፣ ከዚያ ጣት። ቁልፉ ሲዞር አልተሰማትም። የረጠበ ሱፍ ሽታ ቀድሞ ገባ፣ ቀጥሎም ብርሃኑን ከጀርባዋ ያደረገች ሴት።

ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፍራሹ ከሥሯ ረገበ። አሁን ክብደት አላት። የትርሲትን ግራ እግር አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እጇ ይሞቃል።

«መልሺልኝ» አለች ትርሲት። ድምፅዋ ጆሮዋ ላይ ለስላሳና ሩቅ ሆነባት።

«የሚመለስ ነገር አይደለም» አለች ሴትዮዋ፤ እንደምታዝንላት ዓይነት። «ከሚመጣው ሰው ነው የሚገኘው። እኔ የምታውቅ እጅ እስክትመጣልኝ ብዙ ጠበቅኩ። ላንቺ አይቆይብሽም፤ ብዙ ሰው ይወድሻል።»

እግሩን ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው፣ ጋቢውን አለበሰቻትና ወጣች። ኮቴዋ ከበሩ ራቀ፣ ጥርጊያውን ተሻገረ፣ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ከሌላው ሰው ኮቴ ጋር ተቀላቀለ።

ትርሲት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብርሃኑ ዓይኗን እየወጋት ነበር። አንድም ሰው ወደዚህ ቤት እንዳይገባ እነግራለሁ አለች በልቧ፤ እምላለሁ፣ ማንም እንዳይመጣ።

ስልኩ ጠራ። ሐያት ናት።

«እታለም፣ እንዴት ዋልሽልኝ? ዘመድሽ መጡልሽ?» ደረጃ እየወጣች ሳይሆን አይቀርም፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አሁን የደወልኩት ምን ልልሽ ነው፣ እኔም ዝም ብዬ አልቀመጥም። የሚመጣው ረቡዕ መጥቼ እግርሽን እኔው ራሴ አሽልሻለሁ። አብሽሪ፣ በወር ውስጥ አቆምሻለሁ።»

ትርሲት አትምጪ ልትል አፏን ከፈተች። የሐያት ጫማ ደረጃውን ሲመታ በስልኩ ውስጥ ይሰማታል፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ። ያንን ስታዳምጥ፣ ከጋቢው ሥር፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ የግራ እግሯ አውራ ጣት ቀስ ብሎ ታጠፈና ተዘረጋ።

«ዘጠኝ ሰዓት ይመችሻል?» አለች ሐያት። «ቆይ፣ ስልኬ ላይ ልያዘው።»

«ስልኩን ተዪው የኔ ልጅ» አለቻት ትርሲት፣ ሳትቸኩል። «እንዳትረሺው በወረቀት ጻፊው።»