አዲሱ የሾፌር ወንበር

ሟቹ በግቢው ጋራዥ ውስጥ፣ በገዛ እጁ ሲሠራት በኖረው መኪና ሥር በጀርባው ተንጋልሏል። የሻንሲው ብረት ደረቱ ላይ ዐርፏል። ወደ ውጭ የቀሩት እግሮቹ ብቻ ናቸው፤ ጫማዎቹ የልጅ የሚመስሉ፣ ትንንሽ። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየችና ቆሽቷ አረረ። ከእሷ በፊት የገባ ሁሉ የሞቱን ምክንያት አውቆ ጨርሷል።

«አደጋ ነው» አላት አለቃዋ በስልክ። «ወንበር ላስገባ ብሎ ሻንሲውን ቆረጠ፤ ወደቀበት። ፋይሉን እስከ ምሳ ዝጊልኝ።»

«ማንንም ሳላናግር?»

«ምን የሚያነጋግር ነገር አለው?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ከሾፌሩ ወንበር ሥር የሚያልፈው አግዳሚ ብረት በእርግጥም በኤሌክትሪክ መቁረጫ ተቆርጧል። ሻንሲውን ደግፈው ከያዙት የብረት እግሮች አንዱ ተጋድሟል።

የሟቹን ሚስት ያገኘቻት ጓሮ፣ ልብስ የሞላ ሳፋ አጠገብ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሴትዮዋ ገና ሳትጠየቅ። «በአሮጌዎቹ ወንበሮች ግቢውን አንድ ዙር ቢያዞረኝ ወገቤን ጨረሰኝ። ካልቀየርካቸው አልሳፈርም አልኩት። ትናንት ማታ አዲሶቹን አስገባ።»

«ዛሬ ጠዋትስ ምን ሰሙ?»

«ብረት ሲወድቅ ሰምቼ ክው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ መቁረጫው ጮኸ። እፎይ፣ ደህና ነው ብዬ ወደ እጥበቴ ተመለስኩ።»

ኢንስፔክተሯ አስደገመቻት። ሁለተኛም ያንኑ አለች።

የሟቹ ጓደኛ፣ ጎረቤቱ በያጅ፣ በር ላይ ቆሞ ይነጫነጫል። «የኔ ብየዳ ተሰብሮ ነው የሚል ሰው አለ አሉ! ይምጣና በመዶሻ ይሞክረው!» ከዚህ ሌላ የሚረባ ቃል ከአፉ አልወጣም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የሚኖረው እዚያው ግቢ፣ ፊት ለፊት ካለው ቤት ነው። ቀውላላ ነው፤ በሩን ሲያልፍ እንኳ አንገቱን ይሰብራል።

«ተኳርፈናል፤ አልደብቅዎትም» አለ። «ግቢው የአባታችን ነው። ቤት ልሥራበት ስለው ‹መኪናዋ እስክታልቅ ጠብቅ› እያለ ዓመታት አስጠበቀኝ። ጋራዡን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል።»

«ታዲያ ብረቱን ለምን የቆረጠ ይመስልዎታል?»

«አዲሱ ወንበር ከፍ ብሎ ጭንቅላቱ ጣራ እየነካበት ነዋ! ዝቅ ማድረግ ነበረበት። የሷ ጣጣ ነው። ወንበር ወንበር ብላ አስገደለችው።»

ሚስትየዋ ሰምታዋለች። አንገቷን ደፋች።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ትዕግሥቷ ስላለቀ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«መጀመሪያ ብረት ወደቀ፤ መቁረጫው የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ብረት አይቆርጥም። አንድ ሰው ድጋፉን መትቶ ሻንሲውን ጣለበት፤ ከዚያ አደጋ እንዲመስል ብረቱን ቆረጠ።»

«እሷ ዋሽታስ ቢሆን?» አለ ወንድምየው።

«የገደለች ብትሆን መቁረጫው ቀድሞ ጮኸ ትል ነበር፤ የሚያድናት እሱ ነው።» ወደ በያጁ ዞረች። «ሟቹ ትናንት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ምን ሆነ?»

በያጁ እንባው እየወረደ ሳቅ አመለጠው። «መሪው ጋረደው! መንገድ አይታየኝም ብሎ ትራስ አስመጣ። ዛሬ ወንበሩን ከፍ የሚያደርግ ብረት ልበይድለት ነበር። መቼም ልኬቱን ሊወስድ ነው ከሥር የገባው።»

«ከፍ ሊያደርገው የፈለገ ሰው ወንበሩን የተሸከመውን ብረት አይቆርጥም» አለች ኢንስፔክተሯ። ወንድምየውን አየችው፤ አንቱታዋም ቀረ። «ጣራ የነካው ያንተ ጭንቅላት ነው። ወንበሩ የገባው ትናንት ማታ ነው። ጋራዡን አልረገጥኩም ያልከው ሰውዬ ወንበሩ ላይ መቼ ተቀመጥክ?»

ወንድምየው ሊክድ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ጩኸት ነው።

«ዛሬ! እስቲ ሞክራት ብሎኝ ተቀመጥኩ፤ ጭንቅላቴ ሲመታ ሳቀብኝ! ተመልሶ ከሥሯ ተኛ። ሁልጊዜ ትንሽ ቀራት፣ ትንሽ ቀራት! እስከ መቼ ልጠብቅ?»

ሚስትየዋ ከጠዋት ጀምሮ ያቀረቀረችውን አንገት ቀና አደረገች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ አምኜ ነበር» አለችው። «የቀራት እኮ ወንበሩ ብቻ ነበር። ነገ ከግቢው ልናስወጣት ነበር።»

ወንድምየው መኪናዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።